በሐይቅ ላይ ጀልባዎች ስለሚይዙት የመገናኛ ሬዲዮና ስለ ፈቃዱ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፤
ይድረስ ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፤
እንዲሁም በጀልባ ለሚሠሩና ለሚጓዙ ሁሉ፤

የባሕር ሬዲዮ በመርከቦች መካከል፣ በመርከብና በወደብ መካከልም ለሚደረግ ንግግር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተመደበ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ትናንሽ ጀልባዎች የሚይዙት ቪ ኤች ኤፍ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ፣ ቁጥር በተሰጣቸው ቻናሎች ይሠራል። ከእነዚህ ውስጥ ቻናል 16፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ፣ ለመጠራሪያና ለአደጋ ጥሪ የተለየ ነው፤ ሬዲዮ የከፈተ ጀልባ ሁሉ ይህን ቻናል እንዲያዳምጥ ይጠበቅበታል። ቻናል 70 ድምፅ አይነገርበትም፤ ቀይ ቁልፍ ሲጫኑ በዲጂታል መልእክት የሚወጣ የአደጋ ጥሪ ማስተላለፊያ ነው። ቻናል 6 ለጀልባና ለጀልባ ንግግር፣ ቻናል 13 ደግሞ ለጉዞ ደኅንነት ይውላል። ስሙ የባሕር ይባል እንጂ ይኸው ሬዲዮ በራይንና በዳኑብ ወንዞች፣ በቪክቶሪያ ሐይቅም ላይ ይሠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር ባይኖራትም፣ በጣና፣ በአባያ፣ በጫሞ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሏት። ሐይቆቹ የጀልባዎችን ጥሪ ሌት ተቀን የሚያደምጥ ጣቢያና ለባለ ጀልባ የሚመጥን የሬዲዮ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ በቅደም ተከተል ላይ ያተኮረ ነው። ሁለቱ ባለሥልጣናት አስቀድመው በዳር ላይ የሚያደምጥ ጣቢያ ያቁሙ፤ ቀጥለውም ለትናንሽ ጀልባዎች በአንድ መስኮት የሚያልቅ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አጭር ፈቃድ ያውጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ባለ ጀልባው ፈቃድ የያዘበትን ሬዲዮ ከፍቶ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን አይኖርም።

ጉዳዩ በሁለት በሮች መካከል የሚገኝ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ቴሌኮሙኒኬሽን የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የአገሪቱን የሬዲዮ ሞገድ ያስተዳድራል፤ ማንም ሰው ማሰራጫ ሬዲዮ ከመጠቀሙ በፊት ወደ እርሱ ይሄዳል። የጀልባዋ ደኅንነት፣ ምዝገባዋና የነጂዋ ብቃት በማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 መንፈስ ወደ ማሪታይም ባለሥልጣን ያመራል። ሬዲዮው ከውጭ ሲገባ ጉምሩክ ሦስተኛ በር ይሆናል። ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ አንዲት የሞተር ጀልባ ይዞ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው እነዚህን በሮች ለየብቻቸው እንዲያንኳኳ መጠበቅ አይገባም። ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ መመላለስ ከሬዲዮው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ሬዲዮውን ይተወዋል።

ፈቃድና ማዳመጥ ለምን ተለይተው እንደማይታዩ የሚያሳየው የሬዲዮ ሕግ ታሪክ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ስትሰጥም በአቅራቢያዋ በበረዶ ምክንያት የቆመች ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ነበረች። የካሊፎርኒያን ብቸኛ የሬዲዮ ሠራተኛ ግን ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ከመጋጨቷ ጥቂት ቀደም ብሎ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ጥሪውን ሰምታ የደረሰችው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የነበረችው ካርፓቲያ ናት፤ ከ700 በላይ ሰዎችንም አነሣች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደን ላይ የተፈረመው የሬዲዮ ስምምነትና በነሐሴ በአሜሪካ የወጣው የሬዲዮ ሕግ በዚህ ጥፋት ጥላ ሥር የወጡ ናቸው። የአሜሪካው ሕግ ማንም ያለ ፈቃድ እንዳያሰራጭ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1914 የተፈረመው የመጀመሪያው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ደግሞ ሌት ተቀን የማዳመጥን ግዴታ አመጣ። የሬዲዮ ፈቃድና የማዳመጥ ግዴታ በአንድ ዘመን ጸንተዋል፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው የሕጉን ምክንያት መተው ነው።

ዛሬ የሚሠራበት የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት የሬዲዮ ግዴታን የሚጥለው በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ባሉ የመንገደኛ መርከቦችና 300 ቶንና ከዚያ በላይ በሆኑ የጭነት መርከቦች ላይ ነው። ትናንሽ ጀልባዎችን ለየአገሩ ሕግ ይተዋል። ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የግል ሰው የሚይዘው ማሰራጫ ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በመርከብ ላይ ያለን ሬዲዮ የሚቆጣጠረውም ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት። የመጀመሪያው የጣቢያ ፈቃድ ነው። ከጀልባዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጀልባዋ ስትሸጥ ለአዲሱ ባለቤት ስም ይዛወራል ወይም ይሰረዛል። ሁለተኛው የሰው ነው፤ ነጂው ወደ ሌላ ጀልባ ቢዛወር ይዞት ይሄዳል። ይህ ልዩነት ካልተብራራ ባለ ጀልባዎች አንዱን ወረቀት ይዘው ሌላውንም የያዙ ይመስላቸዋል። ኢትዮጵያ ደንቡን ስታወጣ ልዩነቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢጻፍ ይህ ስሕተት አይደርስም።

አገሮች ይህንን ግዴታ በተለያየ መንገድ ይወጡታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት በአገር ውስጥ ውኃ ላይ ብቻ የሚንቀሳቀሱ፣ ሬዲዮ እንዲይዙ የማይገደዱ ትናንሽ ጀልባዎች የቪ ኤች ኤፍ ፈቃድ እንዳያስፈልጋቸው አድርጋለች፤ ወደ ውጭ አገር ወደብ የሚሄድ ጀልባ ግን ሁለቱንም ወረቀቶች መያዝ አለበት። ሬዲዮውን የከፈተም ቻናል 16ን የማዳመጥ ግዴታው አልቀረለትም። እንግሊዝ ፈቃዱን አላነሣችም፤ በኢንተርኔት ለሚያወጣው ሰው ያለ ክፍያ ትሰጣለች፤ ሬዲዮውን የሚይዘው ሰው ግን አጭር ኮርስ ተምሮ ይፈተናል። ካናዳ በራሷ ውኃ ላይ የጣቢያ ፈቃድ አትጠይቅም፤ የሰው ማረጋገጫ ግን ትጠይቃለች። በራይንና በዳኑብ ላይ የሚሠራው የአውሮፓ የውስጥ ውኃ ሬዲዮ ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ንግግር ሲያበቃ የጀልባዋ መለያ ቁጥር በራሱ አብሮ እንዲወጣ ያዛል፤ ቻናሉን ያለ አግባብ የያዘ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚስማማው የእንግሊዙ ነው። ፈቃዱን ፈጽሞ ማንሣት አይበጅም፤ ምክንያቱም የፈቃድ መዝገቡ ዋነኛ ጥቅም ቀረጥ መሰብሰብ ሳይሆን አደጋ ሲደርስ የጠፋችው ጀልባ የማን እንደሆነች፣ ምን ያህል ሰው እንደምትጭን፣ ምን ቀለም እንደሆነች በደቂቃዎች ውስጥ ለነፍስ አድን ሠራተኛ መንገሩ ነው።

መዝገቡ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ዘመናዊ የባሕር ሬዲዮ ዘጠኝ አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይጫንበታል። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች አገርን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 624 ነው። የኢትዮጵያ መርከቦች ዛሬም በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ይጓዛሉ። ቀዩ ቁልፍ ሲጫን ቁጥሩ፣ ሬዲዮው ከጂ ፒ ኤስ ጋር ከተገናኘም ቦታው፣ አብረው ይወጣሉ። ቁጥሩ በየትኛውም መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ግን ተቀባዩ የሚያየው ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ነው።

የቪ ኤች ኤፍ ሞገድ በቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ ተራራ ያግደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ ጋር መነጋገር አስቸጋሪ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱ በካርታ ቢቀራረቡም ሸንተረሩ መካከላቸው ይቆማል። በውኃ ላይ ግን የሚያግደው የምድር ክብነት ብቻ ነው። የአንቴናው ከፍታ በሜትር ተለክቶ ስኩዌር ሩቱ በ4.1 ሲባዛ የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ የሁለቱ ወገኖች ርቀት ይደመራል። ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጀልባዎች 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይነጋገራሉ። የአንዱ ወገን አንቴና በዳር ላይ 30 ሜትር ከፍ ቢል ርቀቱ ወደ 28 ኪሎ ሜትር፣ 100 ሜትር ቢሆን ወደ 47 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በጀልባ ላይ የሚተከለው ሬዲዮ ጉልበቱ ከ25 ዋት አይበልጥም፤ በእጅ የሚያዘው 5 ወይም 6 ዋት ነው። ከዋቱ ይልቅ የአንቴናው ከፍታ ይበልጣል፤ ገንዘብ ሲመደብም ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ይህ ስሌት ጣና ላይ ሲቀመጥ የሚያስደስት ውጤት ይሰጣል። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደቅና ዳጋ ደሴቶች በመካከሉ ናቸው፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር 30፣ እስከ ጎርጎራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። በደሴቶቹ አካባቢ ከውኃው 100 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና ቢተከል ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሊሸፍን ይችላል። ዳጋ ገዳም ስለሆነ የገዳሙ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር ሊኖር አይገባም፤ ይህ ካልተመቸ ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ ከፍታ ቦታዎች ሁለት አንቴናዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ለአንድ ሙሉ ሐይቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ይኼው ነው።

ጣቢያው የሚጠብቀውም ሕዝብ ብዙ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው የሐይቁ የትራንስፖርት መስመር የብዙ መንደሮች መንገድ ነው። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ምእመናንና ጎብኚዎች አሉ፤ በንግሥ ቀን ጀልባዎቹ ከወትሮው በላይ ይጨናነቃሉ። ጧት ጸጥ ብሎ የሚታየው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ትንሽ ጀልባን የሚያስጨንቅ ማዕበል ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ የተባለው አረም ሞተር ላይ ተጠምጥሞ ጀልባን በመካከል ያቆማል። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ጣና ነሽ ቁጥር 2 የተባለች ትልቅ ጀልባ በመንገደኛ ብዛት ሐይቁን ይበልጥ ታሟሟቀዋለች፤ ትልቅ ጀልባና ትንሽ ጀልባ በአንድ ውኃ ላይ ሲበዙ መንገድ የሚለቃቀቁበት ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ቡኮባ፣ በ2018 ደግሞ ኒየሬሬ የተባሉት የታንዛኒያ መርከቦች ሰጥመው ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ከመጠን በላይ መጫን ከምክንያቶቹ ይነሣል። በዚያው ሐይቅ ላይ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የመገናኛና የነፍስ አድን ሥርዓት መዘርጋት የጀመሩት ከቡኮባ ሃያ ዓመት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ለመጀመር አደጋ መጠበቅ የለባትም።

ሞባይል ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ አጭር ነው፤ ስልክ አንድ ሰው አንድን ሰው የሚጠራበት ነው፤ ቁጥሩን ማወቅ፣ ሰውየው ማንሣት፣ ኔትወርክም መኖር አለበት። በቻናል 16 የወጣ ጥሪ ግን በአቅራቢያ ያለ ጀልባ ሁሉ ይሰማዋል፤ በውኃ ላይ ፈጥኖ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ከጎን የሚያልፈው ጀልባ ነው።

የሚያደምጠው ማን ይሁን? ጣቢያው ባሕር ዳር ቢሆን የሰው ኃይሉ በቅርብ ይገኛል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ለሚሠሩ መርከቦች የመርከብ መሐንዲሶችንና የኤሌክትሮ ቴክኒክ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከጣና ዳር ተምረው በሩቅ ባሕር መርከብ የሚያንቀሳቅሱ ወጣቶች ባሉበት ከተማ የጣና ጀልባ ያለ አድማጭ መቅረቷ የሚያሳዝን ነው፤ መፍትሔውም እዚያው አለ። ማሠልጠኛው ለጀልባ ነጂዎች አጭር የሬዲዮ ኮርስ ሊሰጥ፣ የማዳመጫ ጣቢያውንም ሊያግዝ ይችላል። ጣቢያው የሚያስፈልገው በየፈረቃው አንድ አድማጭ፣ የተመዘገቡ ጀልባዎች ዝርዝር፣ ከፖሊስና ከጀልባ ድርጅቶች ጋር የተዘጋጀ የጥሪ መንገድ፣ ለባትሪውም የፀሐይ ኃይል ነው። መብራት በተቋረጠ ጊዜ የሚዘጋ ጣቢያ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም።

የሰው ማረጋገጫው ኮርስ አጭር መሆን አለበት፤ በአማርኛ መሰጠት አለበት፤ ማንበብ የማይችል ልምድ ያለው ነጂም በቃል መፈተን አለበት። ሊማር የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ ትክክለኛነቱ ግን አይደራደሩበትም። የአደጋ ጥሪ ቅደም ተከተል አለው። ነጂው ሬዲዮውን በቻናል 16 ከፍቶ፣ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ፣ ቁልፉን ተጭኖ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይላል፤ የጀልባዋን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ከዚያ እንደገና «ሜይዴይ» ብሎ ስሟን አንድ ጊዜ ጠርቶ ያለበትን ቦታ፣ የደረሰበትን አደጋ፣ የሚፈልገውን ርዳታ፣ በጀልባዋ ላይ ያሉትን ሰዎች ቁጥር ይናገራል። ከዚያ ቁልፉን ለቅቆ ያደምጣል። ጂ ፒ ኤስ የሌለው ሰው ቦታውን «ከዘጌ ወደ ሰሜን፣ ደቅን በግራ እያየሁ» ብሎ ቢናገር አካባቢውን የሚያውቅ አድማጭ ይረዳዋል። ሞተር የጠፋበት፣ ነገር ግን ለሕይወት የማያሰጋ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው «ፓን ፓን» ብሎ ይጠራል፤ ይህን ልዩነት ያወቀ ነጂ አድማጩን በከንቱ አያስደነግጥም። የጥሪው መክፈቻ ዓለም አቀፍ ሆኖ ይቀጥል፤ የቀረው ንግግር ግን በየሐይቁ ዳር ያለ ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ መሆን አለበት፤ በዝዋይም በጫሞም እንዲሁ።

መሣሪያውን በተመለከተ ደንቡ ጠንከር ማለት ያለበት በአንድ ነገር ላይ ነው። በገበያ ላይ ማንኛውንም ሞገድ በቁጥር ማስገባት የሚያስችሉ ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች አሉ። እነዚህ የባሕር ቻናሎችን ቢይዙም ሳይታወቅ በአንድ ቁልፍ የሌላ መሥሪያ ቤት ሞገድ ላይ ሊገቡ ይችላሉ፤ ውኃ ሲነካቸውም ይጠፋሉ። ለጀልባ የሚፈቀደው የባሕር ቻናሎች ብቻ የተጫኑበት፣ ውኃ የማያስገባ፣ በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ዓይነቱ የጸደቀ ሬዲዮ መሆን አለበት። ባለሥልጣኑ የጸደቁትን ዓይነቶች ስም አስቀድሞ ለጉምሩክ ቢሰጥ፣ ሬዲዮው በመጋዘን ሲጠብቅ ጀልባዋ ያለ ሬዲዮ አትሠራም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ቻናል 16ና ቻናል 70 በሐይቆቹ ዙሪያ በየብስ ላይ ለጥበቃም ሆነ ለሌላ ሥራ የተሰጡ እንዳይሆኑ ፈትሾ ነፃ ያድርጋቸው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ግዴታው በሁሉም ላይ እኩል ሊጫን አይገባም። በክፍያ መንገደኛ የሚጭን የሞተር ጀልባ ሁሉ በጀልባው ላይ የተተከለ ሬዲዮና ማረጋገጫ ያለው ሰው እንዲኖረው ይገደድ። ዓሣ አስጋሪዎች በማኅበር ሆነው የእጅ ሬዲዮ እንዲይዙ ይበረታቱ። ከደንገል የተሠራች ታንኳ የያዘ ሰው ግን ምንም ፈቃድ እንዳይጠየቅ፤ ታንኳው ሬዲዮ አይሸከምም፤ እርሱን የሚጠብቀው በአጠገቡ ያለችው የሞተር ጀልባ ሬዲዮ መክፈቷ ነው። ክፍያን በተመለከተ የጣቢያ ፈቃዱ ያለ ክፍያ ይሁን፤ የሰው ማረጋገጫውም ከካርዱ ወጪ በላይ አያስከፍል።

ቅጣት የሚገባው ቦታ አለ። ዓለም አቀፉ ደንብ ሐሰተኛ የአደጋ ጥሪን አጥብቆ ይከለክላል፤ አላስፈላጊ ነገር ማሰራጨትን፣ መለያ ሳይሰጡ መናገርን፣ ለራስ ያልተላከ መልእክትን ሰምቶ ማውራትንም እንዲሁ። በቻናል 16 ላይ ስለ ዋጋና ስለ ዓሣ የሚወራ ከሆነ የአደጋው ጥሪ በመካከሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥሪው ከተመለሰ በኋላ ንግግሩ ወደ ሌላ ቻናል መሄዱ ሕግ ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳተ ይመከር፤ ሐሰተኛ የአደጋ ጥሪ ያሰማ ግን ሬዲዮውንም ማረጋገጫውንም ይነጠቅ።

አገሪቱ ለግለሰቦች ሬዲዮና የጥሪ ምልክት መስጠት እንደምትችል ማሳያ በቅርብ አለ። ከቀጨኔ ወደ ታች፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክለብ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚለው መለያው ከመላው ዓለም ጋር ይነጋገራል። ተማሪዎች ሥርዓቱን ጠብቀው በሬዲዮ ይናገራሉ። ለተማሪ የታመነ ሥርዓት የሰው ነፍስ ለሚሸከም የጀልባ ነጂ ሊታመን ይገባል።

ደንቡ በሚወጣበት ጊዜ አስቀድመው ሬዲዮ የያዙ ጀልባዎች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ያለ ወረቀት ይሆናሉ። እነዚህ ሬዲዮዎች ሊወረሱ አይገባም። የአንድ ዓመት የመመዝገቢያ ጊዜ ይሰጣቸው፤ የምዝገባ ሠራተኞችም ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌ፣ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ ደልጊና ወደ ጎርጎራ ይሂዱ። ነጂውን በጀልባው ላይ ያግኙት፤ ሬዲዮውን ይመልከቱ፤ ዓይነቱ የማይፈቀድ ከሆነ እስኪለውጠው ድረስ ቻናል 16ን ብቻ እንዲይዝ ያድርጉ፤ ቁጥሩን መዝግበው ፈቃዱን እዚያው ይስጡት። የጣና ሥራ ከተፈተሸ በኋላ ተመሳሳዩ መዝገብና ተመሳሳዩ ኮርስ ወደ ጫሞና አባያ፣ ከዚያም ወደ ዝዋይ፣ ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ ይቀጥል።

ቀጨኔ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ